ባቢክር በድሪ፤ ቤታቸውን ትምህርት ቤት ያደረጉ አባት

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ የተቆረቆረችው ካርቱም ብዙ ሠፈሮች አሏት። ከእነዚህም አንዱ አርካዊት ይባላል። ስሙ በምሥራቅ ሱዳን፣ በቀይ ባሕር ተራሮች ላይ ከምትገኝ ከተማ ስም ጋር አንድ ነው። ከ2023 በፊት በነበሩት ዓመታት በአርካዊት ጎዳና ላይ በማለዳ የቆመ ሰው፣ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት የሚጣደፉ ልጃገረዶችን ማየቱ አይቀርም ነበር። ነገሩ እንደ ፀሐይ መውጣት የተለመደ ስለነበረ ቆም ብሎ የሚመለከታቸው መንገደኛ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከዚያ አንድ መቶ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ አንዲት የሱዳን ልጃገረድ ደብተር ይዛ ለትምህርት ስትሄድ ብትታይ ኖሮ የመንደሩ ሰው ሁሉ መነጋገሪያ በሆነች ነበር።

ይህ ለውጥ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ በአንድ ሰው ብቻ የተገኘም አይደለም። ነገር ግን የመጀመሪያውን እርምጃ ከተራመዱት ሰዎች መካከል አንድ አባት ይገኛሉ። እኒህ አባት መንግሥት ትምህርት ቤት አልከፍትም ባለ ጊዜ የገዛ ቤታቸውን ትምህርት ቤት አደረጉ። የሌላውን ሰው ልጅ ከመጠየቃቸው በፊት የራሳቸውን ልጆች አስቀደሙ። ስማቸው ባቢክር በድሪ ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ የምናነበው የእኒህን ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት በዓባይ ዳር

ባቢክር በድሪ የተወለዱት ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጥቂት ዘግየት ብሎ በሰሜን ሱዳን ሲሆን፣ ነገዳቸው ሩባጣብ ይባላል። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰቦቻቸው ወደ ሩፋዓ ስለመጡ ያደጉት በዚያ ነው። ሩፋዓ ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በልጅነታቸው የዋኙበትና የጠጡት ውኃ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው፣ እኛም የምናውቀው ዓባይ መሆኑ ነው።

በዚያን ዘመን በሱዳን የነበረው ትምህርት ኸልዋ በሚባለው የቁርኣን ትምህርት ቤት የሚሰጥ ነበር። ባቢክርም እንደ ሌሎቹ ወንዶች ልጆች ወደ ኸልዋ ገቡ። በኸልዋ ተማሪው በእንጨት ሰሌዳ ላይ የዕለቱን ትምህርት ይጽፋል፤ በቃሉ እስኪይዘው ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደጋግማል፤ ከያዘው በኋላ ሰሌዳውን አጥቦ ሌላ ይጽፋል። በአገራችን በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ያደጉ ሰዎች ይህን ሥርዓት ሲሰሙ የራሳቸውን ልጅነት ያስታውሳሉ። በሁለቱም ዘንድ መምህሩ የተከበረ ነበር፤ በሁለቱም ዘንድ አለንጋ ከመምህሩ አጠገብ አይጠፋም ነበር። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል የሚለው የአበው ተረት የዚያን ዘመን አስተሳሰብ ያሳያል። ልጅ የሚማረው በፍርሃት ነው ተብሎ ይታመን ነበርና።

ሴት ልጅስ? ሴት ልጅ በእናቷ ጉያ ሆና የቤት ሥራ ትማራለች እንጂ ፊደል ምን ያደርግላታል የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደ ነበር። ይህ የሱዳን ሕዝብ ብቻ አስተሳሰብ አልነበረም። በእኛም አገር ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል የሚለው ተረት ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል።

በጦርነት መካከል

ባቢክር ወጣት በነበሩበት ጊዜ ሱዳን በግብፅ አገዛዝ ሥር ነበረች። በ1881 መሐመድ አሕመድ የተባሉ የሃይማኖት ሰው መሐዲ ነኝ ብለው ተነሡ፤ በግብር ብዛትና በሹማምንት ግፍ የተማረረውም ሕዝብ ተከተላቸው። በታሪካችን ደርቡሽ ተብለው የሚታወቁት የእኒህ ሰው ተከታዮች ናቸው። ባቢክርም ዓላማውን በሙሉ ልባቸው አምነው ከተከታዮቹ ጋር ተሰለፉ። በጥር ወር 1885 ካርቱም ስትያዝና የእንግሊዙ ጄኔራል ጎርደን ሲገደል ከተማይቱን ከከበበው ሠራዊት ጋር ነበሩ። መሐዲው በዚያው ዓመት ሲሞቱ ከሊፋ አብዱላሂ በቦታቸው ተተኩ፤ ኦምዱርማንም ዋና ከተማ ሆነች።

1889 ለኢትዮጵያም ለሱዳንም የመከራ ዓመት ነበር። በመጋቢት ወር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት ላይ ወደቁ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ደግሞ፣ ግብፅን ለመውረር ወደ ሰሜን የዘመተው የአብዱራሕማን አል ነጁሚ ሠራዊት ቱሽኪ በተባለ ስፍራ ድል ሆነ። ይህ ሠራዊት ሴቶችንና ሕፃናትን አስከትሎ በበረሃ የተጓዘ ነበር፤ ከጠላት ጥይት በፊት ረሃብና ጥም ክፉኛ ጎድቶታል። ባቢክር በድሪ ከዚህ ሠራዊት ጋር ነበሩ። አዛዣቸው ነጁሚ በጦርነቱ ላይ ሲወድቁ፣ እርሳቸው ተማርከው ወደ ግብፅ ተወሰዱ።

ከምርኮ ወጥተው ወደ ኦምዱርማን ሲመለሱ አገራቸውን ታላቅ ረሃብ መትቷት አገኟት። ጊዜው በኢትዮጵያም ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው ዘመን ነው። ከዚህ በኋላ ጦሩን ትተው ወደ ንግድ አዘነበሉ፤ ሸቀጥ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው በማመላለስ ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩ ጀመር። በመስከረም ወር 1898 በኦምዱርማን አጠገብ በከረሪ ሜዳ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ከሊፋውን ድል ሲያደርግ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ከአሥር ሺህ የማያንሱ ሱዳናውያን አለቁ። ባቢክር ከዚህም እልቂት በሕይወት ከተረፉት መካከል ነበሩ።

በዕድሜያቸው እኩሌታ ሁለት መንግሥት ሲወድቅ አይተዋል። የካርቱምን መያዝ፣ የቱሽኪን ሽንፈት፣ የከረሪን እልቂት አሳልፈዋል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ መከራ ከደረሰበት በኋላ ልቡ ይደነድናል፤ ወይም ቂም ሲቋጥር ይኖራል። ባቢክር በድሪ ግን በጦር ሜዳ ያላገኙትን ነገር በሌላ መንገድ ለማግኘት ተነሡ። መንገዱም የልጆች ትምህርት ነበር።

ወንዶቹ ሲማሩ ሴቶቹ በቤት ሲቀሩ

ሱዳን ከ1899 ጀምሮ በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አስተዳደር ሥር ሆነች፤ ሥልጣኑ ግን በእንግሊዞች እጅ ነበር። አዲሱ አስተዳደር በትምህርት ረገድ የነበረው ሐሳብ ጠባብ ነበር። ዋና ፍላጎቱ ለመሥሪያ ቤቶቹ ጥቂት ጸሐፊዎችን፣ ጥቂት የእጅ ባለሙያዎችንና ጥቂት መምህራንን ማግኘት ነበር። በካርቱም የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በ1902 ተከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት በ1903 በሩፋዓ የወንዶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም ባቢክር በድሪ ኃላፊው ሆኑ።

ከዚህ በኋላ በየማለዳው የሚደጋገም አንድ ነገር ሕሊናቸውን ያስጨንቀው እንደነበር ከኋለኛው ሥራቸው መረዳት ይቻላል። የሩፋዓ ወንዶች ልጆች ወደ እርሳቸው ትምህርት ቤት ይመጣሉ፤ ይጽፋሉ፤ ይቈጥራሉ። የእርሳቸው ሴቶች ልጆች ግን በቤት ይቀራሉ። የሰውን ወንዶች ልጆች እያስተማሩ የራስን ሴቶች ልጆች በድንቁርና መተው እንዴት ይቻላል? አእምሮ ለወንድም ለሴትም የተሰጠ ከሆነ አንደኛውን እያበሩ ሌላውን በጨለማ መተው ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ነገሩ የፍርድ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ልጅ የሚያድገው በእናቱ እጅ ነው። ልጅ የመጀመሪያውን ቃል የሚሰማው፣ ንጽሕናን የሚለምደው፣ መልካሙን ከክፉ የሚለየው ከእናቱ ነው። እናት ካልተማረች ትምህርት ቤት የሚሠራውን ቤት ሊያፈርሰው ይችላል። እናት ከተማረች ግን እያንዳንዱ ቤት ትምህርት ቤት ይሆናል።

ተደጋጋሚው እምቢታ

ባቢክር የሴቶች ትምህርት ቤት ይከፈት ዘንድ አስተዳደሩን ጠየቁ። መልሱ እምቢታ ነበር። ቆይተው እንደገና ጠየቁ፤ መልሱ አልተለወጠም። እንግሊዞቹ የሰጉት ሕዝቡ ይቈጣል ብለው ነበር። የመሐዲው ጦርነት ካበቃ ገና አሥር ዓመት አልሞላም። የሃይማኖት ጉዳይ ነው ተብሎ ሌላ ዐመፅ እንዳይነሣ ይፈሩ ነበር። ሚሲዮናውያን በካርቱም የከፈቷቸው የሴቶች ትምህርት ቤቶች ቢኖሩም፣ አብዛኛው ሙስሊም ወላጅ ልጁን ወደዚያ መስደድ አይፈልግም ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ መንግሥት ከልክሎኛል፤ ከእንግዲህ ምን ላድርግ ብሎ በተቀመጠ ነበር። ባቢክር ግን አልተቀመጡም። በመጨረሻ በ1907 ፈቃድ አገኙ፤ ፈቃዱ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረበት። ትምህርት ቤቱ በራሳቸው ቤት እንዲሆን፣ ወጪውንም ራሳቸው እንዲችሉ ተነገራቸው። ይህ ማለት ሥራው ቢሳካ መንግሥት ይጠቀማል፤ ቢከሽፍ ግን ውርደቱም ኪሣራውም የባቢክር በድሪ ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ሁኔታውን በጥሞና እንመልከተው። ያን ጊዜ ባቢክር ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጉ፣ በከተማው የተከበሩ፣ ብዙ ልጆች ያሏቸው ሰው ነበሩ። በሩፋዓ እንደነበረ በማንኛውም ትንሽ ከተማ ሁሉ ሰው የሚኖረው በጎረቤቱ ዐይን ሥር ነው። የሴት ልጅ ስም ከጠፋ የቤተሰቡ ሁሉ ስም እንደ ጠፋ ይቈጠራል። ሐሜተኛው ብዙ ነው፤ ልጆቹም ነገ ለትዳር የሚፈለጉ ናቸው። እንግዲህ አባቱ ለአደጋ ያቀረቡት ገንዘባቸውንና ክብራቸውን ብቻ ሳይሆን የገዛ ልጆቻቸውን ዕድል ጭምር ነበር።

ዐሥራ ሰባት ልጃገረዶች

ትምህርት ቤቱ በ1907 ተከፈተ። ቤቱ ከጭቃ የተሠራ ነበር። ተማሪዎቹ ዐሥራ ሰባት ነበሩ፤ ዘጠኙ የባቢክር ልጆች፣ ስምንቱ ደግሞ የጎረቤት ልጆች። የዛሬዋን አንዲት ሰፊ ክፍል ለሚያውቅ ተማሪ ይህ እጅግ ጥቂት ይመስለዋል። ነገር ግን ሱዳናውያን ራሳቸው ለሴቶች ልጆቻቸው ያቋቋሙት የዘመናዊ ትምህርት ፈር ቀዳጅ ይኸው የጭቃ ቤት ነበር። ልጃገረዶቹ ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብ፣ ሃይማኖትና የልብስ ስፌት ይማሩ ጀመር።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ባቢክር በድሪ ጎረቤቶቻቸውን ያሸነፉት በክርክር ወይም በትእዛዝ አይደለም። በሕዝቡ ላይ አዋጅ አላስነገሩም፤ ማንንም ልጅህን አምጣ ብለው አላስገደዱም። አስቀድመው የራሳቸውን ዘጠኝ ልጆች አስቀመጡ። ጎረቤቱ በሩን አልፎ ሲሄድ የልጃገረዶቹን ድምፅ ይሰማል፤ ልጆቹ ከትምህርት በኋላ እንደ ቀድሞው በጨዋነት ሲኖሩ ያያል፤ የፈራው ነገር እንዳልደረሰ ይገነዘባል። ስምንቱ የጎረቤት ልጆች የመጡት በዚህ ዓይነት እምነት ነው። ልጁን ከልጆቹ ጋር ለሚያስቀምጥ አባት ልጅን ዐደራ መስጠት አያስፈራምና።

ሌላም ነገር አለ። በቤት የሚሰጥ ትምህርት ከአለንጋው ሥርዓት የሚለይበት ጠባይ አለው። በቤቱ የሚያስተምር አባት ተማሪዎቹን በስም ብቻ ሳይሆን በጠባይ ያውቃቸዋል። የትኛዋ ፈጥና እንደምትረዳ፣ የትኛዋ ዘግየት ብላ እንደምትይዝ፣ የትኛዋ በቍጣ እንደምትደነግጥ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። የተማሩትን ወዲያውኑ በሥራ ላይ ያውሉታል፤ ሒሳቡ የገበያው ሒሳብ፣ ስፌቱ የሚለበሰው ልብስ ነውና። ትምህርትና ኑሮ የሚለያያቸው ግድግዳ የለም። ከዚህም በላይ ልጅ አባቷ ከጎኗ እንደ ቆመ ስታውቅ፣ ዓለም ሁሉ ቢስቅባት እንኳ ልቧ አይሰበርም።

በዚያው ዘመን አካባቢ በሌሎች አገሮችም ይህን የመሰለ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ተነሥተው ነበር። የሩሲያው ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ በ1859 በርስታቸው ላይ ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተው፣ ልጆቹ ያለ ቅጣትና ያለ ማስገደድ በፍላጎታቸው እንዲማሩ አድርገዋል። የሕንዱ ባለቅኔ ራቢንድራናት ታጎር በልጅነታቸው ትምህርት ቤትን ጠልተው ይበልጡን በቤታቸው የተማሩ ሲሆኑ፣ በ1901 በቤንጋል ልጆች በዛፍ ጥላ ሥር የሚማሩበትን ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። ባቢክር በድሪ የእነዚህ ሰዎች ደቀ መዝሙር አልነበሩም። እንደ እነርሱ በመደበኛው ትምህርት ቤት ላይ የተነሡም አልነበሩም፤ እንዲያውም የትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ሦስቱ የሚገናኙበት ነጥብ ግን አለ። ትምህርት የሚጀምረው ከሕንፃው አይደለም፤ ልጁን ከሚወድና በልጁ ከሚያምን ሰው ነው የሚለው ነው።

ከቤት ወደ አገር

የሩፋዓው የጭቃ ቤት አልፈረሰም፤ የተፈራው ዐመፅም አልተነሣም። የሆነው የተገላቢጦሽ ነበር። ሕዝቡ ቀስ በቀስ ለመደው፤ መንግሥትም በሌሎች ከተሞች ጥቂት የሴቶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ከፈተ። በ1921 በኦምዱርማን የሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ሴት እንዴት ትማራለች ተብሎ በተጠየቀበት አገር ሴቶች ራሳቸው ለማስተማር የሚዘጋጁበት ጊዜ ደረሰ።

ባቢክር በድሪ ከጊዜ በኋላ የትምህርት ቤቶች ተቈጣጣሪ ሆነው በየአውራጃው እየተዘዋወሩ አገለገሉ። በ1929 ጡረታ ወጡ። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ዕረፍት ቢሻ የሚፈርድበት አይኖርም። እርሳቸው ግን በ1930 በሩፋዓ የግል ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1932 ወደ ኦምዱርማን አዛወሩት። ስሙን አል አሕፋድ አሉት፤ ትርጉሙ የልጅ ልጆች ማለት ነው። ስሙ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በ1907 ለልጆቻቸው የጀመሩትን ሥራ አሁን ለልጅ ልጆቻቸው ቀጠሉት። ቤታቸውን ትምህርት ቤት ያደረጉት ሰው ትምህርት ቤታቸውን ደግሞ በቤተሰብ ስም ጠሩት።

በስተርጅናቸው የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈዋል። መጽሐፉ ከሞቱ በኋላ ታትሞ የሱዳንን ያለፈ ዘመን ለማወቅ ለሚሹ ሁሉ ጠቃሚ ምንጭ ሆኗል። ብዙ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ ሲጽፉ ድላቸውን አጉልተው ድካማቸውን ይሸሽጋሉ። ባቢክር ግን የፈሩበትን፣ የተሳሳቱበትንና የተዋረዱበትን ጊዜ ሳይቀር በግልጽ በመጻፋቸው ይመሰገናሉ። ልጆቹ ስሕተቱን የሚያውቁለት አባት ክብሩ አይቀንስም፤ ይልቁንም ልጆቹ ከእርሱ እውነትን ይማራሉ።

ባቢክር በድሪ በ1954 በዕድሜ ጠግበው ዐረፉ። ከመሞታቸው ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1952፣ ኻሊዳ ዛሂር የተባሉ ሱዳናዊት በካርቱም የሕክምና ትምህርታቸውን ጨርሰው በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሐኪሞች አንዷ ሆኑ። የጭቃው ቤት በተከፈተ በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ የሱዳን ሴት ልጅ ከፊደል ቈጠራ ተነሥታ ለሐኪምነት በቃች ማለት ነው።

ሥራቸው ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ በ1966 በኦምዱርማን የአሕፋድ የሴቶች ኮሌጅን መሠረቱ። ኮሌጁ ሲከፈት የነበሩት ተማሪዎች 23 ብቻ ነበሩ። ይህም እንደ ሩፋዓው ቤት በጥቂቶች ተጀምሮ አደገ፤ በ1995 ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃ። ከሱዳን ልዩ ልዩ ክፍሎችና ከጎረቤት አገሮች የመጡ ብዙ ሺህ ሴቶች በየዘመኑ ተምረውበታል።

የተዘጋው በር

ታሪኩን ከአገራችን ጋር ስናስተያየው የምንማረው አለ። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1908 ሲሆን፣ የተቋቋመው ለወንዶች ልጆች ነበር። በእቴጌ መነን ስም የሚጠራው የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው ግን በ1931 ነው። በመካከሉ የነበሩት ሃያ ሦስት ዓመታት ብዙ ናቸው። በእነዚያ ዓመታት አንዳንድ ወላጆች ሴቶች ልጆቻቸውን በቤታቸው መምህር ቀጥረው አስተምረዋል። ስማቸው ባይነገርም እነርሱም በባቢክር በድሪ ጎዳና የተጓዙ ናቸው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ አርካዊት እንመለስ። በሚያዝያ ወር 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። የከተማይቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ዩኒቨርሲቲዎቿ ባዶ ቀሩ፤ በኦምዱርማን የሚገኘው የአሕፋድ ግቢም ከጉዳቱ አላመለጠም። እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። በማለዳ ደብተር ይዘው ይጣደፉ የነበሩት ልጃገረዶች ከጎዳናው ጠፉ።

ባቢክር በድሪ እንዲህ ያለውን ጊዜ ያውቁታል። ካርቱም ስትወድቅ አይተዋል፤ ኦምዱርማን ስትያዝ አይተዋል። ከዚያ ሁሉ ፍርስራሽ በኋላ የሠሩት ሥራ ግን መንግሥት እስኪረጋጋ፣ ሕንፃ እስኪሠራ፣ ሕዝብ ሁሉ እስኪስማማ የጠበቀ አልነበረም። አንድ የጭቃ ቤት፣ ዐሥራ ሰባት ልጆችና አንድ የማይታክት አባት በቂ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ጦርነት ትምህርት ቤቱን በዘጋበት ስፍራ ሁሉ፣ በስደተኞች መጠለያም ሆነ በዘመድ ቤት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ፊደል የሚያስቈጥር ወላጅ፣ ሳያውቀው የሩፋዓን በር ዳግም ይከፍታል።

ልጅን መውደድ ማለት ማብላትና ማልበስ ብቻ አይደለም። ልጅን መውደድ ማለት አእምሮውን ማክበር፣ በችሎታው ማመን፣ ሌላው ሰው በሚሥቅበት ጊዜ ከጎኑ መቆም ነው። አለንጋ ልጅን ዝም ያሰኛል፤ እምነት ግን ልጅን ያናግራል። ባቢክር በድሪ ሰይፍ ይዘው ያልለወጡትን አገር ልጆቻቸውን በማስተማር ለመለወጥ የመጀመሪያውን ድንጋይ አኖሩ። ድንጋዩም የተቀመጠው በአደባባይ ሳይሆን በገዛ ቤታቸው ነበር።

ጥያቄዎች

1. ባቢክር በድሪ በወጣትነታቸው የተካፈሉባቸውን ጦርነቶች ከነዓመታቸው ዘርዝሩ።

2. አስተዳደሩ የሴቶች ትምህርት ቤት እንዳይከፈት የከለከለው ለምን ነበር? በ1907 ፈቃድ ሲሰጥስ ምን ቅድመ ሁኔታ አኖረ?

3. ጎረቤቶቻቸው ልጆቻቸውን ለባቢክር በድሪ ዐደራ የሰጡት ለምን ይመስላችኋል? በምንባቡ ውስጥ የተሰጠውን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።

4. በባቢክር በድሪ፣ በቶልስቶይና በታጎር መካከል ያለው አንድነትና ልዩነት ምንድን ነው?

5. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ባላቸው አገባብ መሠረት ፍቱ፤ ከዚያም በእያንዳንዳቸው ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው። ሀ. ተቆረቆረ ለ. ፈር ቀዳጅ ሐ. ቂም ቋጠረ መ. ዐደራ ሠ. በዕድሜ ጠግቦ ዐረፈ

6. ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል የሚለውን ተረት ከምንባቡ የመጨረሻ አንቀጽ ጋር በማነጻጸር በክፍላችሁ ተከራከሩ፤ ከክርክሩ በኋላ የደረሳችሁበትን ሐሳብ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።